ቶሎ የሚያድግ የአጥር ሐረግ ለለገጣፎ ጥቁር አፈር፣ ምን ይሻላል?

ሰናይት ዘጣፎ · ግንቦት 9

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ለገጣፎ አዲስ ቤት ገብተናል። ግቢው ከአፈርና ከብሎኬት በቀር ምንም የለውም። ከኋላችን ጎረቤት ጂ+2 እየሠራ ነው፤ በረንዳው ላይ የቆመ ሰው የቡና ስኒያችንን ይቆጥራል። አጥሩን የሚያለብስ፣ ከአጥሩም ትንሽ ከፍ የሚል፣ አበባ ያለው ሐረግ እፈልጋለሁ። አጥሩ ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል፣ በጎረቤቱ በኩል ርዝመቱ አሥራ ስምንት ሜትር ገደማ ነው፤ አልተለሰነም። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሮቶ አለን ግን ለአትክልት አይተርፍም። ያገኙትን ሁሉ አፋቸው የሚከቱ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ። መንገድ ዳር ያለው ችግኝ ሻጭ «ይሄ በስድስት ወር ይሸፍንልሻል» አለኝ። ስሙን ስጠይቀው «ሐረግ ነው» ብሎ ዝም። ልግዛው ወይስ?

ቀዮ ቡራዩ · ግንቦት 9

ምን ያስጨንቅሻል እህቴ፣ ቡገንቪሊያ ነዋ። ቦሌን ዞረሽ እዪ፣ የቪላው አጥር ሁሉ እሱ ነው። ፀሐይ ይወዳል፣ ውሃ አይለምንም፣ እሾሁ ደግሞ ሌባ ያባርራል። እኔ ቀይ አፈር ላይ ተክዬው በሁለተኛው ክረምት አጥሩን ዘሎ ሄዷል። ቀዩን ውሰጂ፤ ነጩ አቧራ ሲጠጣ አያምርም።

ፈጣኑ · ግንቦት 9

የፕላስቲክ ቅጠል በሜትር መርካቶ ሞልቷል። ውሃ አይጠይቅ፣ አይከረከም። ዛሬ ገዝተሽ ነገ ቡናሽን በሰላም ትጠጫለሽ።

ጋሽ ችግኝ · ግንቦት 10

ልጄ ሰናይት፣ እንኳን ለአዲስ ቤት አበቃሽ። ምንም ከመግዛትሽ በፊት ጥቂት ነገር ንገሪኝ። አጥሩ ፊቱ ወዴት ነው? ክረምት ላይ ሥሩ ውሃ ይተኛበታል? ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ አይተሻል? የመብራት ገመድስ በላዩ ያልፋል? ስሙን ሻጩ ራሱ የማያውቀውን ችግኝ ግን በነፃም ቢሰጥሽ አትቀበዪ።

ሰናይት ዘጣፎ · ግንቦት 10

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የጎረቤቱ ወገን በሰሜን ነው፤ ወደኛ ያለው ፊቱ ደቡብን ያያል ማለት ነው። በመንገዱ በኩል ደግሞ አጠር ያለ አጥር አለ፤ እሱ በደቡብ ስለሆነ ጥላ የሚበዛበት ይመስለኛል። አፈሩ ጥቁር ነው። ክረምት ጫማ ያስቀራል፤ በጋ ደግሞ ተሰንጥቆ ልጄ ማንኪያ ትከትበታለች። አመዳይ ባለፈው ታኅሣሥ አየሁ፣ ግን ስስ ነው። የመብራት ገመዱ በመንገዱ በኩል ነው የሚያልፈው።

ፈጣኑ፣ ፕላስቲኩን ባለቤቴም ብሎኛል። ፀሐይ ሲያነጣው ምን እንደሚመስል አንድ የሰርግ አዳራሽ አጥር ላይ አይቼ ተውኩት።

ጋሽ ችግኝ · ግንቦት 11

እንግዲያው ነገርን ከሥሩ።

አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናቸው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀረው ዓመት በደቡብ ነች። በሰሜን የምትሆንበት ጊዜ ብዙው ደግሞ ደመናና ዝናብ ነው። ስለዚህ ፊቱ ደቡብን የሚያይ ግድግዳ በጋውን ሙሉ ይሞቃል፤ ሰሜንን የሚያየው በጋውን ሙሉ ጥላ ውስጥ ይቆማል። ሰው ግን ሐረግ ሲገዛ የሚያየው የአበባውን ቀለም ነው። አንቺ ያለሽ ሁለት ዓይነት ቦታ ስለሆነ ሁለት ዓይነት ተክል ያስፈልግሻል።

የጎረቤትሽ ወገን ለቡገንቪሊያ ይሆናል። ቀዮ ልክ ነው፤ ግን ቀይ አፈር ላይ ሆኖ ነው የሚያወራው። ተክሉ የደቡብ አሜሪካ ነው። ስሙ ከፈረንሳዊው መርከበኛ ከቡገንቪል የመጣ ነው፤ አብሮት የተጓዘው የዕፅዋት አጥኚ ኮመርሰን ብራዚል ላይ ያገኘው በ1767 እ.ኤ.አ. ነው። ቀይና ሐምራዊ ሆኖ የሚታየው አበባው አይደለም፣ አበባውን ያቀፈው ቅጠል ነው፤ አበባዋ መሃል ላይ ያለችው ቀጭን ነጭ ነገር ናት። ቅጠል ስለሆነም ቀለሙ ቶሎ አይረግፍም። ውሃና ፍግ ሲበዛለት ግን ቀለሙን ትቶ አረንጓዴ ብቻ ይወረውራል። የውሃ ፈረቃሽ እንግዲህ እሱን አይጎዳውም። በመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንዴ አንድ ጀሪካን ለአንድ ችግኝ፣ በዝግታ ሥሩ ድረስ የሚወርድ፣ ይበቃዋል። በየቀኑ አንድ ኩባያ መርጨት ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል።

የሚገድለው መረሬ ነው። ጥቁር አፈር በርጥበት ያብጣል፣ በድርቅ ይሸበሸባል፤ ሲሰነጠቅ ቀጫጭኑን ሥር ይበጥሳል፣ ክረምት ላይ ደግሞ አየር ያሳጣዋል። መረሬ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ባልዲ ነው፤ የገባው ውሃ አይወጣም። ስለዚህ ወደ ታች ብቻ አትቆፍሪ፣ ወደ ላይ ካቢ። ከአጥሩ ሥር ግማሽ ሜትር ራቅ ብሎ፣ ርዝመቱን ሙሉ፣ ጉልበት የሚደርስ መደብ ይነሳ። ጥቁሩን አፈር ከአሸዋና ከበሰለ ፍግ ጋር ደባልቂው። ትኩስ ፍግ እንዳታስገቢ፣ ያቃጥላል። በመደቡና በአጥሩ መሃል የውሃ መውረጃ ቦይ ይቀደድ፤ መውጫ ግን ይኑረው። ቦዩ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ካለቀ ክረምቱን በሙሉ ስትነታረኩ ትከርማላችሁ።

ችግኙን በሁለት ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር ተኩል ርቀት ትከዪ። ቡገንቪሊያ ሥሩ ሲነካካ ያኮርፋል። ፕላስቲኩን አትግፈፊው፤ ታቹን በምላጭ ቁረጪ፣ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጪው፣ ከዚያ ጎኑን ሰንጥቀሽ ቀስ ብለሽ ሳቢው። ሥሩ ላይ ያለው አፈር ሳይፈርስ መግባት አለበት።

አሁን ወደ ችኮላሽ። ቡገንቪሊያ የመጀመሪያውን ዓመት ሥር ሲሰድ ነው የሚያሳልፈው፤ አጥር አይሸፍንልሽም። እስከዚያ ከመሃል ከመሃሉ ቱንበርጂያ ዝሪ። ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ሆኖ መሃሉ ጥቁር የሆነው አበባ ነው፤ ዘሩ የራሳችን የምሥራቅ አፍሪካ ነው። ሰኔ ላይ ከተዘራ ክረምቱ ሲወጣ ሁለት ሜትር ይደርሳል። ቡገንቪሊያው ሁለተኛ ክረምቱን ሲይዝ ግን ቱንበርጂያውን ነቅለሽ ጣዪው፤ ከተውሽው ያንቀዋል። ሰው እዚህ ላይ ነው አልጨክን የሚለው፤ አበባ ላይ ያለ ነገር መንቀል ይከብዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ደግሞ ቶሎ የሚያድገውን ብቻውን ለተከለ ሰው ነው። በስድስት ወር አጥር የሚሸፍን ሐረግ በሰባተኛው ወር አያቆምም፤ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ አሸንዳ ይደፍናል፣ የመብራት ገመድ ይጨብጣል።

የጥላውን በኩል ለሐረገወይን ልተወው። እሷ ከኔ ትብሳለች።

ሐረገወይን · ግንቦት 11

ጋሼ አክብረውኛል። የኔ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ የለመደ ሁሉ ያውቀዋል፦ ጠምበለል።

የኛው የሐበሻ ጃስሚን ነው። የደጋ ጫካ ዳር፣ ቁጥቋጦ ላይ ተጠምጥሞ ይገኛል። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ የተሰደረ፣ ወፈር ያለ፣ ጥቁር አረንጓዴ ነው። እምቡጡ ከውጭ በኩል ሮዝ ጨረፍ ያደርገዋል፤ ሲፈነዳ ግን ነጭ ነው። ጠረኑ ማታ ይበረታል፤ በር ላይ ከሆነ የገባ እንግዳ ሁሉ ሽቶ የረጨሽ ይመስለዋል። ሲያፈራ ጥቁር ትንንሽ ፍሬ ይይዛል። ቅጠሉን አያራግፍም፤ የደጋ ተክል ስለሆነም የለገጣፎ ብርድ አዲስ ነገር አይሆንበትም። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ቀስ ይላል፤ ሥሩ ከያዘ በኋላ ግን በአንድ ክረምት የሚወረውረው ለጉድ ነው።

ማየት የምትፈልጊ ከሆነ እንጦጦ ሥር ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ሂጂ፤ 705 ሄክታር ነው፣ አገር በቀሉን ዕፅዋት በአካል የምታዪበት ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከጫካ እንዳትነቅዪ አደራ። ጠምበለል ያለው ሰው ካገኘሽ አንድ ረጅም ቅርንጫፍ ወደ መሬት አጉብጠሽ፣ የሚቀበረውን ቦታ ከታች በኩል ትንሽ ፋቅ አድርገሽ፣ አፈር አልብሰሽ ድንጋይ ጫኚበት። ሰኔ ላይ ከተቀበረ ክረምቱ ሲወጣ ሥር አብቅሎ ታገኚዋለሽ፤ ያኔ ከእናቱ ቆርጦ መውሰድ ነው። ከቁርጥራጭ ማብቀልም ይቻላል፣ ግን ብዙው ይደርቃል፤ የቀበርሽው አይከዳሽም።

አዞ ሐረግም አለ፤ ነጣ ያለ አበባ አውጥቶ ኋላ ዘሩ ነጭ ላባ የሚያበቅለው። ውበቱ አያጠያይቅም፤ ጭማቂው ግን ቆዳ ያቆስላል። ልጆቹ እስኪያድጉ ይቆይ።

ፎርማን · ግንቦት 12

ሁላችሁም ስለ ቅጠል አወራችሁ፣ ስለ አጥሩ ማንም አልጠየቀም።

ያልተለሰነ ብሎኬት ላይ በራሱ የሚጣበቅ ሐረግ፣ አይቪም ሆነ ፊከስ ፑሚላ፣ አታስጠጊ። ደህና የተለሰነ፣ ስንጥቅ የሌለው ግድግዳ ላይ ብዙ አይጎዱም። ያንቺ ግን መጋጠሚያው ክፍት ነው፤ የሲሚንቶው ሙሌት ሳስቶ ከሆነ ሥራቸው እዚያው ገብቶ ይወፍራል። ፊከስ ፑሚላ በልጅነቱ ቅጠሉ ትንሽ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ፣ የሚያምር ነው። ሲያረጅ ቅጠሉ ይተልቅና ወፍራም ቅርንጫፍ ወደ ውጭ ያወጣል። ለመንቀል ሲመጣ ልስኑን ይዞ ነው የሚወርደው። የስንቱን ሰው ግድግዳ መልሰን ለስነናል።

ለቡገንቪሊያውም ለጠምበለሉም ሽቦ ወጥሪ። ሁለቱም በራሳቸው ግድግዳ አይጨብጡም፤ ጠምበለል ይጠመጠማል፣ ቡገንቪሊያ በእሾሁ ተደግፎ ይንጠላጠላል እንጂ። ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ፊሸር አይዝልሽም፤ ኮለኑ ላይ ብቻ ምቺ። ኮለኖቹ በሦስት በሦስት ሜትር ከቆሙ በየኮለኑ ቀለበት ያለው ብሎን አስገቢና በየግማሽ ሜትሩ ከፍታ ሽቦ ሳቢ። ከግድግዳው ጣት በሚያስገባ ያህል ሳይሆን መዳፍ በሚያስገባ ያህል ይራቅ፣ አየር ይለፍ። ጥቁሩን ሽቦ አትጠቀሚ፣ ክረምት አንድ ሁለቴ ሲያልፍበት ዝጎ ይበጠሳል፤ ጋልቫናይዝድ ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ። ያደገ ቡገንቪሊያ ዝናብ ጠጥቶ ነፋስ ሲገፋው አጥሩን ይዞ ነው የሚወዘወዘው። መረሬ ላይ ያለ አጥር መሠረቱ ጥልቅ ካልሆነ ድሮም ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ከአጥሩ ጫፍ በላይ ከግማሽ ሜትር የበለጠ እንዳይከመር። የጎረቤትን በረንዳ ለመጋረድ ከፍታ ከፈለግሽ ለብቻው የቆመ የብረት ድጋፍ ያስፈልግሻል፤ በአጥሩ ትከሻ ላይ አትጫኚው።

የሱሉልታው · ግንቦት 12

እኔ አጣና ነው የምጠቀመው፣ ርካሽ ነው። ታቹን የተቃጠለ ዘይት ቀብቼ እተክለዋለሁ፣ ምስጥ አይደፍረውም።

ግን የመጣሁት ስለ ብርድ ለማለት ነው። ቡገንቪሊያ ቡገንቪሊያ ስትሉ እኛ ጋ ኑና እዩት። ከ2,500 ሜትር በላይ ነን፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ከሌለ ሌሊቱን ቀዝቃዛው አየር ከተራራው ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ጠዋት ለምለሙ ጫፍ ሁሉ ጠቁሮ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ሰናይት ስስ አመዳይ አየሁ ካለች ቀልድ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ማታ ማታ ጆንያ ወይም አሮጌ ጋቢ ታልብሰው፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ትግፈፍ። ላስቲክ አይሆንም፤ ቅጠሉን የነካበት ቦታ ራሱ ይቃጠላል። ብርድ የሚጠበቅበት ቀን ረፋድ ላይ አፈሩን ማጠጣትም ይረዳል፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። የጠቆረውን ደግሞ ወዲያው አይቁረጡት። የሞተው ጫፍ ከሥሩ ያለውን ይጋርዳል፤ ብርዱ ጨርሶ ሲወጣ፣ የካቲት ላይ፣ ሕይወት ያለበትን አይቶ መቁረጥ ነው።

እኛ ጋ ያለ ጭንቀት የሚያድጉት ጠምበለልና ቀጋ ናቸው። ቀጋ እሾሁ አጥር ነው፣ ነጭ አበባው ንብ ይጠራል፣ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል። ሐረግ አይደለም ካላችሁኝ ዛፍ ላይ እንዴት እንደሚንጠላጠል አላያችሁም።

ፎርማን · ግንቦት 12

የተቃጠለ ዘይት የነካው አፈር ውስጥ ሥር አይሄድም። አጥር ብቻ ከሆነ ይሁን፣ ተክል የምትተክልበት ቦታ ላይ ግን አይሆንም።

የሱሉልታው · ግንቦት 12

ከቋሚው አንድ ሜትር አርቄ ነው የምተክለው፣ እስካሁን ምንም አልሆነም። ብረቱን አንተ ገዝተህ ስጠኝ እንግዲህ።

ወለቴ · ግንቦት 14

እንዶድን ለምን ማንም አላነሳውም? ከሱ የፈጠነ የት አለ። እናቴ ጓሮ ዛፉን ሁሉ አልብሶታል፤ ፍሬው ደግሞ ነጠላ ያነጣል።

ጋሽ ችግኝ · ግንቦት 14

ወለቴ፣ እንዶድን የማከብረው ተክል ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙትም በዚሁ ሥራ ነው። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ግን ያገኙትን አፋቸው በሚከቱ ልጆች ግቢ ውስጥ ምን ይሠራል? ዓሣም ይገድላል። ደግሞ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ስለሆነ ወንዱ ከደረሰሽ ፍሬም የለውም። ለእናትሽ ጓሮ እሰየው፣ ለሰናይት አይሆንም።

አወያይ · ግንቦት 15

ሁለት የችግኝ ሽያጭ ማስታወቂያዎች ተነሥተዋል። ለሽያጭ የተለየ ክፍል አለ፤ እባካችሁ እዚያ ለጥፉ።

እናት ዘሰሚት · ግንቦት 16

እኔም ትንሽ ልጅ አለኝ። ሰማያዊ የጥሩንባ አበባ ያለውን ሞርኒንግ ግሎሪ ልዘራ ነበር። መርዝ ነው ይላሉ፣ እውነት ነው?

ሐረገወይን · ግንቦት 16

ዘሩን ነው የሚሉት፣ እውነት ነው፤ ዘሩ ከተበላ ያስመልሳል፣ ያቃዣል። እኔ ግን ይበልጥ የምፈራው ሌላውን ነው። ሞርኒንግ ግሎሪ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ዘርቶ የሚሞተው የዓመት ተክል ነው፣ እሱ ችግር የለውም። ሌላው ግንዱ መሬት በነካበት ሁሉ ሥር እየሰደደ ዓመት ዓመቱን የሚቆየው ነው፤ እሱ አንዴ ከገባ አይወጣም። ችግኝ ሻጮች አይለዩአቸውም። በዘር የገዛሽው የመጀመሪያው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ቁርጥራጭ ተክለሽ ከያዘ ግን ተጠራጠሪ።

አበባ ስላማረን ብቻ ያስገባነው ነገር ስንት ነው። የወፍ ቆሎን ለአጥር ብለን ተከልነው፣ አሁን የግጦሹን መሬት ይዞታል። እምቦጭም እኮ አበባው ያምራል፤ ጣናን ይጠይቁ።

ለልጆች ግቢ አይቪን ከነፍሬው ተዪው፣ ጭማቂውም ቆዳ ያሳክካል። በጌጥነት የሚሸጠው የግሎሪዮሳ ሊሊ ደግሞ ሥሩ ገዳይ ነው፣ ቀልድ የለውም። ቱንበርጂያና ጠምበለል አያስፈሩኝም። ፓሽን ፍሩት ብትፈልጊ ሐምራዊውን፤ ቢጫው የቆላ ነው፣ እኛ ጋ ሲንቀጠቀጥ ይኖራል። የፓሽንን አበባ አንዴ ጠጋ ብለሽ እዪው፤ ነጭና ሐምራዊ ጭረቱ በክብ ተሰድሮ፣ መሃሉ ላይ ሦስት ሚስማር የሚመስል ነገር ቆሞ። ቀኑን ሙሉ ንብ አይለየውም። ያልበሰለውን ፍሬ ብቻ ልጆች እንዳይበሉ።

ሰናይት ዘጣፎ · ሐምሌ 20

ሰላም በድጋሚ። መደቡን አስነሳን፤ ሽቦውን ፎርማን ባሉት መሠረት ኮለኑ ላይ አስመታሁ። ሰባት ቡገንቪሊያ፣ መሃል መሃሉ ቱንበርጂያ፣ በጥላው በኩል ሦስት ጠምበለል ከአንዲት ደግ ሴት አገኘሁ። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ቡገንቪሊያዎቹ አንድ አንድ ቀጭን ዘንግ ብቻ ወደ ላይ ወርውረው ከታች ባዶ ናቸው። አንዱ ደግሞ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል።

ጋሽ ችግኝ · ሐምሌ 20

ጎበዝ። ቢጫ የሆነው ችግኝ አጠገብ ያለውን ቦይ እዪው፣ ደለል ደፍኖት ውሃው መደቡ ላይ ተመልሶ ይሆናል። ቦዩን ጥረጊ፣ ማዳበሪያ ግን አትጨምሪ፤ የታመመ ሥር ማዳበሪያ አይበላም።

ስለ ዘንጉ በደንብ ስሚኝ፣ ሐረግ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ይሄ ነው። ሐረግ ጫፉ ላይ ያለው እምቡጥ፣ የአበባውን ሳይሆን ቅርንጫፍ የሚወጣበትን ማለቴ ነው፣ ከሥሩ ያሉትን እንዳይነቁ ያፍናቸዋል። ወደ ላይ ከለቀቅሽው ዘንጉ አጥር ጫፍ ደርሶ እዚያ ይሰበሰባል፤ ከላይ ጫካ፣ ከታች ባዶ እግር። ያን ጊዜ ጎረቤትሽ አበባ ያያል፣ አንቺ ግንድ ታያለሽ። ስለዚህ ጨክነሽ እያንዳንዱን ዘንግ ጉልበትሽ ቁመት ላይ ከእምቡጥ በላይ ቁረጪው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ያወጣል። እነሱን ወደ ላይ አትምሪያቸው፤ ለጋ ሳሉ በታችኛው ሽቦ ላይ በአግድም ወደ ግራና ወደ ቀኝ አስተኝተሽ በላላ ሲባጎ እሰሪያቸው። የተኛ ቅርንጫፍ በርዝመቱ ሙሉ እምቡጡ ይነቃል፣ እያንዳንዷም ወደ ላይ ትሄዳለች። ከዚያ በሁለተኛው ሽቦ ላይ እንደገና። ሲያረጅ ስለሚሰበር ለጋነቱን አትለፊ፤ ሲጫኑት እሺ የሚለው እሾሁ ገና ለስላሳ ሳለ ነው። ጓንት አድርጊ፣ እሾሁ የወጋው ቦታ ያመረቅዛል።

ዋናውን ግረዛ ደግሞ በጋ አብቦ ሲጨርስ፣ ክረምት ሳይገባ አድርጊው። መስከረም ላይ የምትቆርጪው ቡቃያ በጋ የሚያብበው ነውና እጅሽን ያዢ።

ፈጣኑ · ሐምሌ 21

ቤቴ በረንዳ ላይ የሰቀልኩት ፕላስቲክ ነጭ ሆነ። ቱንበርጂያ ዘር ያለው?

ሰናይት ዘጣፎ · ሐምሌ 21

ጥቅምት ላይ ሲደርቅልኝ አስቀምጥልሃለሁ።

እናት ዘሰሚት · ኅዳር 3

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ የተለየ ክር ልክፈት ብዬ ነበር ግን እዚሁ ይሁን። በግቢያችን ጥግ ባለው የጥድ አጥር ላይ ቢጫ፣ ቅጠል የሌለው፣ ክር የመሰለ ነገር ተጠምጥሟል። በየቀኑ ይጨምራል፣ አሁን ቱንበርጂያዬን ጀምሯል። ሥሩን ፈልጌ አጣሁት። አንዲት ጎረቤቴ «ጌጥ ነው፣ ተዪው» አለችኝ።

ሐረገወይን · ኅዳር 3

ጌጥ አይደለም፣ ኩስኩታ ነው። ሥሩን ያጣሽው ስለሌለው ነው። ከዘሩ ሲበቅል ትንሽ ሥር ይኖረዋል፤ ተክል ካገኘ በኋላ ግን ሥሩ ይደርቅና ግንዱ ላይ በሚያበቅላቸው መምጠጫዎች የሌላውን ጭማቂ ይጠጣል። የሚገርምሽ የሞርኒንግ ግሎሪ ቤተሰብ ነው። ኑግ ያለበት አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ ከኑግ ዘር ጋር ተደባልቆ ነው ብዙ ቦታ የሚሄደው።

ቢጫውን ክር ብቻ እየጎተትሽ አታንሺ፣ የቀረችው ቁራጭ መልሳ ታድጋለች። የተያዘውን የቱንበርጂያ ቅርንጫፍ ኩስኩታው ከጨበጠበት ዝቅ ብለሽ ሁለቱንም አንድ ላይ ቁረጪ። ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ አትጨምሪው፣ ወንዝ ዳርም አትጣዪው፤ አድርቀሽ አቃጥዪው። መቀሱንም ሌላ ተክል ላይ ከመጠቀምሽ በፊት የተጠመጠመበት ክር እንዳይቀር እዪው። ትንንሽ ነጭ አበባ ዘለላ ዘለላ ሆኖ ካየሽ ደግሞ ዛሬውኑ፤ ዘሩ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ይቆያል።

እናት ዘሰሚት · ኅዳር 3

አበባ የለውም እስካሁን። ግን የመጣው ከጎረቤቴ ጥድ ነው፣ እሷ ካልቆረጠች የኔ ልፋት ምን ዋጋ አለው?

ጋሽ ችግኝ · ኅዳር 4

ቅዳሜ ጠዋት መቀስሽን ይዘሽ ሂጂ። «የኔን ጨርሻለሁ፣ ያንቺን ላግዝሽ መጣሁ» በያት። ጌጥ ነው ያለችው እሷ ከሆነች መጀመሪያ መምጠጫዎቹ ግንዱ ላይ የተተከሉበትን ቦታ ላጥ አድርገሽ አሳያት፣ ከዚያ ቁረጡ። የጥዱን ውስጠኛ ቅርንጫፍ መፈተሽ አትርሱ፤ ከውጭ የሚታየው ጥቂቱ ነው። የቆረጣችሁትን በማዳበሪያ ጆንያ ቋጥራችሁ ወደ ማቃጠያው ውሰዱ፤ መሬት ላይ እየጎተታችሁ ከወሰዳችሁት በየመንገዱ ቁራጭ ታንጠባጥባላችሁ።